በሩን በእጃችሁ ግፉት

የተከበራችሁ የመጋዘን ባለቤቶች፣ የሕንፃ አስተዳዳሪዎች፣ የንብረት ክፍል ሠራተኞች፣ ሌሊቱን ንብረት ስትጠብቁ አድራችሁ በቀጥታ ወደዚህ የመጣችሁ የጥበቃ ባልደረቦች፣ በቅርቡ ፍተሻ የምትጀምሩ ወጣት የሙያ ጓደኞቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

ዛሬ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። የእሳት አደጋ ፍተሻ በዓይንና በወረቀት ብቻ አይሠራም፤ በእጅ ነው የሚሠራው። በር ይገፋል፣ ሶኬት ይዳሰሳል፣ የእሳት ማጥፊያ ከተሰቀለበት ይወርዳል፣ የተደረደረ ዕቃ ይነሣና ጀርባው ይታያል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ባልደረባዬ ጋር የስፖንጅ ፍራሽ መጋዘን ልንፈትሽ ገባን። ፎርሙ «የአደጋ ጊዜ መውጫ አለ ወይ?» ይላል። አለ። በሩ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፣ ከበላዩም «መውጫ» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ተለጥፏል። ባልደረባዬ ምልክት ሊያደርግ እስክሪብቶውን ሲያወጣ «ቆይ፣ እስቲ እንግፋው» አልኩት። በሩ ጋ ለመድረስ እስከ ጣሪያ የተደረደረ ፍራሽ ማንሣት ነበረብን። አነሣን። ከፍራሹ ጀርባ ጓጉንቸር ተንጠልጥሎ አገኘን። «ቁልፉስ?» ስንል የንብረት ክፍሏ ልጅ ፊቷ ተለዋወጠ። ቁልፉ ባለቤቱ ጋ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ ያን ዕለት ክፍለ ሀገር ናቸው። በዚያ ሰዓት ውስጥ 14 ሰዎች ይሠሩ ነበር። «ጋሼ፣ ሌባ ፈርተን እኮ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የሌባ ስጋት እውነተኛ ስጋት ነው፤ ሀብቱን ያፈሰሰ ሰው በሩን ቢቆልፍ አልፈርድበትም። ግን ከውጭ የማይከፈት፣ ከውስጥ ደግሞ ያለ ቁልፍ በአንድ ግፊት የሚከፈት መቀርቀሪያ አለ። ብረት ሠራተኛ ሁሉ ሊገጥመው ይችላል። ስፖንጅ ሲነድ ጭሱ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሳያናይድ አለ፤ ነበልባሉ ሳይደርስበት ጭሱ ሰውን ይጥላል። ቁልፍ ፍለጋ የሚሮጥበት ጊዜ አይኖርም።

የሩቅ የሚመስል ግን የኛው የሆነ ታሪክ ልጨምር። መስከረም 1 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር በዋልንበት ዕለት፣ ፓኪስታን ካራቺ ውስጥ አሊ ኢንተርፕራይዝስ የሚባል የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች ሞቱ። መስኮቶቹ በብረት ፍርግርግ ተዘግተው ነበር፤ መውጫዎቹም ተቆልፈው ነበር። ከዓመታት በኋላ ፍርድ ቤት እሳቱ ሆን ተብሎ የተለኮሰ መሆኑን ወስኗል። የለኮሰው ማንም ይሁን፣ ያ ሁሉ ሰው መውጣት ያቃተው በቁልፉና በፍርግርጉ ነው። እኔን እስካሁን እንቅልፍ የሚነሣኝ ግን ይህ ነው፦ ያ ፋብሪካ ከቃጠሎው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ተፈትሾ፣ ለሠራተኛ ደኅንነት ብቁ ነው የሚል የምስክር ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። ወጣቶች፣ የፍተሻ ወረቀት ላይ በፈረማችሁ ቁጥር ይህን አስቡ።

ወደ መብራቱ ልግባ። በፍተሻ ዘመኔ ደጋግሜ ያገኘሁት ጥፋት እዚህ ላይ ነው። ሳልቫቪታው ሲወድቅ፣ ሲነሣ፣ ሲወድቅ ይሰለቻቸውና ከፍ ባለ አምፔር ይቀይሩታል። ከዚያ በኋላ አይወድቅም። ሁሉም ደስ ይለዋል። ሳልቫቪታው ግን ሲወድቅ የነበረው ሽቦው ከአቅሙ በላይ ተሸክሞ እየጋለ መሆኑን ሊነግራቸው ነበር። አሁን የሚነግራቸው የለም፤ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ፣ ኮርኒሱ ውስጥ ዝም ብሎ ይግላል። ሂሳቡ ቀላል ነው። 10 አምፔር ማከፋፈያ በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ እንጀራ ምጣድ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። መጋዘን ውስጥ ምጣድ ምን ይሠራል ትሉኛላችሁ። ከዕቃው ጀርባ ለሠራተኛው ምሳ ሲጋገርበት በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለዚህ ሶኬቱን በእጃችሁ ጀርባ ዳስሱት። የተሰነጠቀ ወይም ሽቦው የወጣ ከሆነ አትንኩ፤ መጀመሪያ መብራቱ ይጥፋ። ሞቅ ካለ፣ ጠርዙ ቡናማ ከሆነ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ከሸተተ፣ እሳቱ ጀምሯል ማለት ነው፤ ነበልባሉ ብቻ ነው የቀረው።

ጥበቃውን ሳታነጋግሩ ደግሞ ከግቢ አትውጡ። አንድ ሌሊት ጠባቂ አባት፣ ቀን ሙሉ ፈትሸን ምንም ያላገኘንበት ግቢ በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ ሌሊት ሌሊት ቆጣሪው ሲንሿሿ እሰማለሁ» አሉኝ። ቀን በመኪናውና በሰው ጫጫታ ማን ይሰማዋል? ተመልሰን ስናስከፍተው የላላው ሽቦ ልባሱ ቀልጦ፣ የታሰረበት ጣውላ ከሰል ሆኖ ነበር። እኚያ አባት ከማንኛችንም የበለጠ ፈታሽ ነበሩ። በዚህ ወር ብርድ ስለሆነ ግን ለጥበቃ ወንድሞቼ አንድ ልመና አለኝ። የከሰል ምድጃ ጥበቃ ቤት ውስጥ አታሳድሩ፤ ለእሳቱም ለጭሱም። ባለቤቶች ደግሞ፣ ይህ ልመና ዋጋ የሚኖረው ወፍራም ካፖርትና ብርድ ልብስ ስትገዙላቸው ነው።

ዕቃ ስታስቀምጡ ምን ከምን ጋር እንደሚያድር ጠይቁ። ቲነርና ቤንዚን ላይ የሚነደው እንፋሎቱ ነው። እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል፤ ክዳኑ በላላ ጄሪካን ሾልኮ ወለል ለወለል ይሄድና ሌላ ክፍል ያለ ስቶቭ ላይ ይደርሳል። የእንጨት ሥራ ያላችሁ፣ የተልባ ዘይት የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉት። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨማደደው ጨርቅ ሙቀቱን አምቆ፣ ማንም ክብሪት ሳይጭርበት ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት፣ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ክተቱት። ደረጃ ሥር ዕቃ ማስቀመጥ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ባንግላዴሽ ዳካ አጠገብ ታዝሪን የተባለው ፋብሪካ በኅዳር 2005 ዓ.ም. ሲቃጠል ምድር ቤቱ ላይ፣ ደረጃው አጠገብ፣ ክርና ጨርቅ ተከምሮ ነበር። ጭሱ ደረጃውን እንደ ጭስ ማውጫ ተጠቅሞ ወጣ፤ ከላይ ያሉት ከመቶ በላይ ሰዎች መውረጃ አጡ።

ማጥፊያን በተመለከተ አጭር ነው። ከመስቀያው አውርዱት። የግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ ይሁን፣ ፒኑ አይጉደል፣ ዱቄቱ ታምቆ ድንጋይ እንዳይሆን ገልበጥ አድርጋችሁ አዳምጡ። የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መርፌ የለውም፤ በሚዛን ነው የሚታወቀው።

መጨረሻ ላይ ከግቢው ውጡና መንገዱን በእግራችሁ ለኩት። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ መንገዱ ጠባብ በመሆኑ የእሳት አደጋ መኪኖች እንደልብ መግባት አቅቷቸው ነበር። በራችሁ ላይ ዕቃ የሚያራግፍ መኪና ቆሞ ከሆነ 939 ብትደውሉም የሚመጣው ውሃ ጥግ ላይ ይቆማል።

ይህ አዳራሽ ሁለት በር አለው። እናንተ የገባችሁት በዋናው ነው። በግራ በኩል ያለውን ዛሬ ማለዳ ሳየው ወንበር ተደርድሮበት አገኘሁት፤ ከአዳራሹ ሠራተኞች ጋር ሆነን አንሥተነዋል፣ እናመሰግናቸዋለን። እስካሁን ግን አልገፋሁትም፤ እናንተን ስጠብቅ ነው። ሻይ ከመጠጣታችን በፊት አንድ ሰው ከፊት ወንበር ይነሣና አብረን እንሂድ።