ምሳ ከማን ጋር በላህ?

እንደምን አመሻችሁ? ወላጆች፣ አስተማሪዎች፣ ከኋላ ተቀምጣችሁ ስልክ የምትነካኩ ልጆችም ጭምር። አላስረዝምም። ቡናው ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ።

እዚሁ ቨርጂኒያ፣ አርሊንግተን ውስጥ ዶሮቲ ሃም የሚባል ሚድል ስኩል አለ። ድሮ እዚያ ቦታ የነበረው ስትራትፎርድ ጁኒየር ሃይስኩል ነው፤ ነጮች ብቻ ነበሩ የሚማሩበት። በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2 ቀን 1959 አራት ጥቁር ልጆች ገቡበት። ሮናልድ ዴስኪንስ፣ ማይክል ጆንስ፣ ላንስ ኒውማንና ግሎሪያ ቶምፕሰን። የሰባተኛ ክፍል ልጆች ናቸው።

በቀለም ለይቶ ማስተማር ሕገ ወጥ ነው ተብሎ ከተፈረደ አምስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ነው የቀረው። ቨርጂኒያ ግን «ጥቁር ከሚገባበት ይዘጋ» ብላ ነበር። ቀልድ አይደለም፣ ዘግታለች! በ1958 ኖርፎክ ላይ ብቻ ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ቤቱ ተቀምጧል። እነዚህ አራቱ ሆልስ ሂል የሚባል የጥቁሮች ሰፈር ልጆች ናቸው፤ ስትራትፎርድ ለሰፈሩ ቅርብ ሆኖ ሳለ የሰፈሩ ልጆች ካውንቲውን አቋርጠው ደቡብ ድረስ፣ ሆፍማን ቦስተን ወደሚባለው የጥቁሮች ትምህርት ቤት ነበር የሚሄዱት። ከነጮቹ ሰፈር የሚለያቸው ግንብም ነበር። ቁራጩ ዛሬም ቆሟል፣ ሄዳችሁ እዩት።

የዚያን ቀን ጠዋት 100 ገደማ ፖሊስ ተሰልፎ ጠበቀ። ድንጋይ አልተወረወረም፣ ማንም አልተደበደበም። ቀኑም «ምንም ያልተፈጠረበት ቀን» ተባለ።

እኔ ይቺን አባባል ስሰማ ትሪዬ ነው ትዝ የሚለኝ።

አሜሪካ የመጣሁት በ13 ዓመቴ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ጁኒየር ሃይስኩል ገባሁ። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም አልገፈተረኝም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ግን ትሪዬን ይዤ ካፌቴሪያው መሐል ቆምኩ። ጥቁር አሜሪካውያኑ አንድ ጥግ፣ ስፓኒሽ የሚያወሩት ሌላ ጥግ፣ ነጮቹ መስኮቱ ጋ። እኔ የየትኛው ነኝ? የወተቷ ካርቶን ትሪው ላይ ትንሸራተታለች፣ እጄ ይንቀጠቀጣል። ፒዛውን በናፕኪን ጠቅልዬ ጃኬት ኪሴ ከተትኩና ላይብረሪ ገባሁ። ሁለት ወር ሙሉ እንዲህ ተደብቄ በላሁ። ጃኬቱ ቺዝ ቺዝ ይሸት ነበር። እናቴ ማታ ማታ «ትምህርት እንዴት ነው?» ትለኛለች፣ እኔም «ደህና ነው» እላለሁ። ውጤቴ ደህና ስለነበር አልዋሸሁም።

ነገሩ የገባት አስተማሪ አይደለችም። ጠረጴዛ የምትወለውል የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ ናት። አንድ ቀን ጨርቅ ወርውራልኝ በእጇ «ነይ አግዢኝ» አለችኝ። ከእኔ ጋር የምትወለውል ሌላ ልጅ ነበረች፤ ምሳ አብረን መብላት ጀመርን። እስከ ዛሬ ጓደኛዬ ናት።

የሠራተኛው ነገርም ብዙ አይወራም። ያኔ በደቡቡ ልጆቹ ሲቀላቀሉ የጥቁሮቹ ትምህርት ቤቶች እየተዘጉ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር አስተማሪዎችና ዳይሬክተሮች ከሥራ ወጡ። ልጁ ይምጣ፣ አስተማሪው ይቅር ነው ነገሩ። አሁን እኔ ራሴ ሚድል ስኩል ውስጥ ረዳት ሆኜ እሠራለሁ። የእኛም ምሳ ክፍል ያው ነው። አስተማሪዎቹ ትልቁ ጠረጴዛ ላይ፣ እኛ ረዳቶቹና የጽዳት ሠራተኞቹ በሩ ጋ። ሽሮዬን ማይክሮዌቭ ውስጥ ለማሞቅ ሰው እስኪወጣ የምጠብቅባቸው ቀናት አሉ። ትልቅ ሴትዮ ሆኜ! አትሳቁ፣ እናንተም ታደርጉታላችሁ።

እና ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ «ኤ አመጣህ?» የሚለውን ለአንድ ቀን ተዉት። ምሳ ከማን ጋር እንደበላ ጠይቁት። «ከሰዎች ጋር» ካላችሁ ስማቸውን ጠይቁ። ዝም ካለ ደግሞ አትቆጡት፣ በማግስቱ እንደገና ጠይቁት።

ሌላው፣ ትምህርት ቤታችን ማክሰኞና ሐሙስ በምሳ ሰዓት ካፌቴሪያ ውስጥ የሚቆሙ አማርኛ የሚችሉ ሁለት ወላጆች ይፈልጋል። እንግሊዝኛዬ አይበቃም የምትሉ፣ ለጠረጴዛ መወልወል ይበቃል። መመዝገቢያው ወረቀት ቡናው ጋ ነው፣ እስክሪብቶውን ግን መልሱልኝ።