ዳታቤዙን በየስንት ሰከንዱ እንጠይቀው?

(ባሕር ዳር ላይ ለዳታቤዝ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቡሬ፣ ከዳንግላና ከዚሁ ከባሕር ዳር የተሰበሰባችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንደምን አደራችሁ።

የማነሣው ጉዳይ አንዲት ቁጥር ናት፤ የመከታተያ ሶፍትዌራችን በየስንት ጊዜው ልኬት እንደሚወስድ የምትወስነው። ሁለቱ የመከታተያ ሶፍትዌሮች፣ ፕሮሜቲየስም ዛቢክስም፣ ሌላ ቁጥር ካልጻፍንላቸው በየ1 ደቂቃው ይሰበስባሉ። ብዙ ቦታ ቁጥሯ እንደተገኘች ትቀራለች፤ ችግር የመጣ ዕለት ደግሞ ሁሉም ነገር ወደ 5 ሰከንድ ይወርድና በዚያው ይረሳል። ሁለቱም ይጎዳል።

የቤታችሁን የውሃ ቆጣሪና የዓባይን ከፍታ አስቡ። ቆጣሪው ዘግይቶ ቢነበብም ያለፈው ውሃ ተመዝግቧል። ዓባይ ግን ሌሊት ሞልቶ ሲነጋ ቢጎድል፣ ሌሊት ያልለካ ሙላቱን አያውቅም። የተፈጸሙ ትራንዛክሽኖች ብዛት ቆጣሪ ነው፤ 1 ደቂቃ ይበቃዋል። የተከፈቱ ኮኔክሽኖችና ሎክ የሚጠብቁ ክዌሪዎች (ሌላው የያዘው ዳታ እስኪለቀቅ የቆሙ ጥያቄዎች) ግን የቅጽበት ናቸው። ጠዋት 2:30 ቢሮ ሲከፈት ለ40 ሰከንድ የታነቀ ዳታቤዝ፣ በደቂቃ አንዴ ለሚያይ ጤነኛ ሊመስል ይችላል። ለእነዚህ 15 ሰከንድ ስጧቸው።

በየ15 ሰከንዱ ሲሆን በቀን 5,760 ልኬት ነው፤ በደቂቃ ሲሆን 1,440። ዲስኩ አያስፈራም፤ ፕሮሜቲየስ ለአንድ ልኬት ከ1 እስከ 2 ባይት ነው የሚፈጀው። የሚያስፈራው ጥያቄው ራሱ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ቴብሎችን መጠን የሚደምር ክዌሪ ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ የእያንዳንዱን ፋይል መጠን ይጠይቃልና ሊዘገይ ይችላል። የፕሮሜቲየስ ትዕግሥት ደግሞ ካልተቀየረ 10 ሰከንድ ነው። ክዌሪው ከዚያ ከዘገየ የዚያ ዙር ልኬት በሙሉ፣ ፈጣኖቹም ጭምር፣ ይጠፋል። ይባስ ብሎ ጠያቂው ተስፋ ቆርጦ ሲሄድ ክዌሪው ዳታቤዙ ውስጥ መሮጡን ሊቀጥል ይችላል፤ በላዩ ሌላ ይደረባል። ስለዚህ ለመከታተያው ተጠቃሚ (ሶፍትዌሩ ወደ ዳታቤዙ ለሚገባበት አካውንት) ስቴትመንት ታይምአውቱን፣ ማለትም አንድ ክዌሪ ሳይቋረጥ የሚሮጥበትን ጊዜ፣ 5 ሰከንድ አድርጉለት። ይህን እባካችሁ ዛሬውኑ አድርጉት።

ከባዱን ክዌሪ በሌላ ተጠቃሚ፣ በክሮን (ሥራን በተወሰነ ጊዜ በሚያስነሣው ፕሮግራም)፣ በሰዓት አንዴ አስኪዱና ውጤቱን ፋይል ላይ ጻፉት፤ የሰርቨሩን ልኬቶች ለፕሮሜቲየስ የሚያቀርበው ኖድ ኤክስፖርተር ከፋይሉ ያነበዋል። የመሰብሰቢያ ጊዜውን ራሱን 1 ሰዓት ማድረግ ግን አይሠራም፤ ፕሮሜቲየስ 5 ደቂቃ ያለፈውን ልኬት እንደሌለ ይቆጥረዋልና ግራፉ ይቆራረጣል። ከ2 ደቂቃ በላይ አትውጡ።

ቁጥሯን ስትቀይሩ ግራፎቹንም አብራችሁ እዩ። ፍጥነት የሚያሰላው የፕሮሜቲየስ ፋንክሽን፣ ሬት፣ ቢያንስ ሁለት ልኬት ይፈልጋል። ከ15 ሰከንድ ወደ 1 ደቂቃ ተሻግራችሁ የሬቱን መስኮት (ወደኋላ የሚያየውን ጊዜ) 1 ደቂቃ ላይ ከተዋችሁት ግራፉ ባዶ ይሆናል፤ የማስጠንቀቂያ ደንቡም ዝም ይላል። መስኮቱ የመሰብሰቢያው ጊዜ አራት እጥፍ፣ ማለትም 4 ደቂቃ ይሁን። የፕሮሜቲየስን የማዋቀሪያ ፋይል አብሮት በሚመጣው መፈተሻ፣ በፕሮምቱል፣ ፈትሹ፣ ከዚያ ሪሎድ አድርጉ።

በማግስቱ ፒጂ ስታት ስቴትመንትስን (ክዌሪዎች የፈጁትን ጊዜ የሚመዘግበውን የፖስትግሬስ ቅጥያ) ክፈቱና የመከታተያው ተጠቃሚ የፈጀውን ጊዜ ደምሩ። ከላይኞቹ አሥር ክዌሪዎች አንዱ የእሱ ከሆነ፣ ያንን ክዌሪ ወደ ክሮኑ አዛውሩት።