በጠባቡ የገጠር መንገድ ማን ለማን ይለቃል? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

የትራንስፖርት ዝግጅታችን በዚህ ሳምንት ያስተናገደው ከአዲስ አበባ ወጥተው በጠባብ የገጠር መንገዶች የሚጓዙ አድማጮች ያነሷቸውን ጥያቄዎች ነው። ደዋዮቹ ከካዛንቺስ፣ ከመርካቶ፣ ከአራት ኪሎ፣ ከፒያሳ፣ ከለገሃርና ከሜክሲኮ ሲሆኑ፣ ምላሽ የሰጡት ለረጅም ዓመታት አሽከርካሪዎችን ያሠለጠኑ የመንገድ ደህንነት ባለሙያ ናቸው። በአየር ላይ የተሰጠው መልስ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ ቀርቧል።

ከካዛንቺስ የደወሉ አድማጭ፦ «ቤተሰብ ለመጠየቅ በቪትዝ መኪናዬ ወደ ፍቼ እመላለሳለሁ። ሱሉልታን ካለፍኩ በኋላ ብዙ ጊዜ ከተሳቢ መኪና ኋላ እቀራለሁ። ለመቅደም ስጠነቀቅ ከኋላዬ ያሉት ጥሩንባ ይነፉብኛል፤ ረጅም መብራትም ያበሩብኛል። እስከ መቼ ልታገሥ? ለእነርሱስ ምን ላድርግላቸው?»

መልስ፦ በመጀመሪያ ስለ መቅደሙ ልናገር። ተሳቢው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ እርስዎ በ80 ሊቀድሙት አስበዋል እንበል። ከኋላው 20 ሜትር ርቀው ይነሳሉ፤ የተሳቢው ርዝመት 18 ሜትር፣ የእርስዎ መኪና ደግሞ 4 ሜትር ያህል ነው፤ ካለፉት በኋላም በድንገት ፊቱ ላይ እንዳይደነቀሩ ሌላ 20 ሜትር መተው ይኖርብዎታል። ይህ ሲደመር 62 ሜትር ይሆናል። የሁለታችሁ የፍጥነት ልዩነት በሴኮንድ ከ6 ሜትር በታች ስለሆነ፣ ይህን ለመጨረስ 11 ሴኮንድ ገደማ ይፈጅብዎታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ እርስዎ 250 ሜትር ያህል ወደ ፊት ሲሄዱ፣ ከፊት ለፊት በተመሳሳይ ፍጥነት የሚመጣ መኪና ካለ እርሱም 250 ሜትር ይቀርብዎታል። ስለዚህ ወደ ግራ ከመውጣትዎ በፊት ግማሽ ኪሎ ሜትር ሙሉ የጠራ መንገድ በዓይንዎ ማየት አለብዎት፤ እርሱም ለስሕተት ምንም ትርፍ ሳይያዝለት ነው። በሱሉልታና በጫንጮ ሜዳ ላይ ይህን ያህል የሚያሳይ ቀጥ ያለ ቦታ ይገኛል፤ በኩርባና በጉብታ ላይ ግን አይገኝም።

ትዕግሥቱ የሚያስከፍለውንም እንመልከት። ከተሳቢው ኋላ 10 ኪሎ ሜትር በ40 ቢጓዙ 15 ደቂቃ፣ በ60 ቢጓዙ 10 ደቂቃ ይፈጅብዎታል፤ ያጡት 5 ደቂቃ ነው። እኔ እንደታዘብኩት ሰውን የሚያናድደው ይህ 5 ደቂቃ አይደለም፤ ፊቱ በትልቅ መኪና መጋረዱ ነው። የሚገርመው ነገር፣ አሽከርካሪው በተናደደ ቁጥር ወደ ተሳቢው እየተጠጋ ስለሚሄድ ግርዶሹን የሚያባብሰው ራሱ ነው። ራቅ ቢል የመንገዱን ሁለት ጠርዝና የሚመጣውን ኩርባ አስቀድሞ ያያል፤ የተሳቢው ሹፌርም በስፖኪዮው ሊያየው ይችላል።

ከኋላዎ ላሉት የሚያደርጉላቸው ትልቁ ነገርም ይኸው መራቅ ነው። በእርስዎና በተሳቢው መካከል አንድ መኪና የሚገባበት ክፍተት ሲተዉ፣ የቸኮለው ሰው እርስዎን ብቻ ቀድሞ በክፍተቱ ይገባል። ከተሳቢው ጋር ተጣብቀው ከሄዱ ግን ሁለታችሁን በአንድ ጊዜ ለመቅደም ይነሣሣል፤ ያን ጊዜ የሚያስፈልገው የጠራ መንገድ ከግማሽ ኪሎ ሜትር እጅግ ይበልጣል። ሲቀድምዎም ፍጥነት አይጨምሩ። ጥሩንባውን በተመለከተ የሚነፋው ሰው እርስዎ የሚያዩትን መንገድ አያይም፤ ስለዚህ እርሱ በነፋ ጊዜ ሳይሆን እርስዎ ባዩ ጊዜ ይውጡ።

ከመርካቶ የደወሉ የተሳቢ ሹፌር፦ «ዕቃ ጭኜ ወደ ጎጃም እመላለሳለሁ። ዓባይ በረሃ ላይ ትንንሽ መኪኖች ከኋላዬ ሲቸኩሉ የቀኝ ፍሬቻ አብርቼ እለፉ እላቸዋለሁ። ጓደኞቼ ግን አደጋ ቢደርስ ጣጣው ለአንተ ነው ይሉኛል። ምን ይሻላል?»

መልስ፦ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ምልክቱን ግን አልደግፈውም። የቀኝ ፍሬቻ በሕግም በሥልጠናም ትርጉሙ «ወደ ቀኝ ልታጠፍ ነው» ወይም «ዳር ይዤ ልቆም ነው» የሚል ነው። ከኋላ ያለው ሰው እንደ ልማዱ «እለፍ» ብሎ ሲተረጉመው፣ ሌላው ሊቆም ነው ብሎ ፍሬን ይይዛል። ከዚህ የሚከፋው ግን ምልክቱን ያየ ሰው መንገዱን በራሱ ዓይን ማየት መተዉ ነው። እርስዎ ከፍ ካለው ጋቢና ሆነው መንገዱ ነጻ መሆኑን ባዩበት ቅጽበትና እርሱ አመንትቶ፣ ማርሽ ቀይሮ በሚወጣበት ቅጽበት መካከል ጥቂት ሴኮንዶች ያልፋሉ፤ በእነዚያ ሴኮንዶች ውስጥ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ከኩርባው ብቅ ሊል ይችላል። የሚቀድመው ሰው መንገዱን ራሱ የማረጋገጥ ግዴታ አለበት፤ እርስዎም ውሳኔውን ከእጁ አይውሰዱበት።

በምትኩ የቀኝ ጠርዝዎን ይያዙ፤ ሊያልፍዎት ሲጀምር ፍጥነትዎን ትንሽ ቀነስ ያድርጉለት፤ ከኋላዎ ሦስት አራት መኪና ከተሰለፈ ደግሞ ሰፋ ያለ ቦታ ሲያገኙ ዳር ይዘው ያሳልፏቸው። በክረምት ግን ለዚህ ትሕትና ሲሉ የረጠበ የመንገድ ትከሻ ላይ ጭነት ይዘው አይውጡ፤ አፈሩ ከከዳዎት መንገዱን ለቀናት የሚዘጉት እርስዎ ይሆናሉ። የከተማ መግቢያ ወይም ማደያ እስኪደርሱ ድረስ ከኋላ ያሉት ቢታገሡ ይሻላል።

አሁን የምናገረው ለትንንሽ መኪና አሽከርካሪዎች ነው፤ ለእርስዎ መንገሩ ለቀባሪው ማርዳት ነውና። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ እንደገና ያንኑ ያህል ይወጣል። የተጫነ ተሳቢ በዚያ ቁልቁለት የሚያዘግመው ሹፌሩ ሰንፎ አይደለም። ፍሬን ያለማቋረጥ ሲረገጥ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ የመያዝ አቅሙን ያጣል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሹፌር ዳገቱን በሚወጣበት ዝቅተኛ ማርሽ ቁልቁለቱንም ይወርዳል፤ ሞተሩ ራሱ እንዲይዝለት ነው። አንድ ቪትዝ ቀድሞት ፊቱ ገብቶ ኩርባው ላይ ፍሬን ሲይዝ፣ ያ ሹፌር ቆጥቦ ያቆየውን ፍሬን በግዱ ይረግጣል። በተጨማሪም በዓባይ በረሃ መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሰነጠቃል፣ ይጎብጣልም፤ ከፊት የሚመጣው መኪና የተጎዳውን ቦታ ለመሸሽ ወደ እናንተ መስመር ሊገባ እንደሚችል አስቡ።

ከአራት ኪሎ የደወሉ አድማጭ፦ «ለቅሶ ለመድረስ ከዋናው መንገድ ታጥፈን በፒስታ ቁልቁል ስንወርድ ከተጫነ አይሱዙ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠምን። መንገዱ ለሁለት አይበቃም፤ በአንድ በኩል ገደል ነው። እኔም እርሱም አልመለስም ብለን ተፋጠጥን። መመለስ የነበረበት ማን ነው?»

መልስ፦ እርስዎ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1968 የተፈረመው የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ይህን ጉዳይ በአንቀጽ 12 ለይቶ ያስቀምጠዋል። በተራራማና በጣም ዳገታማ በሆነ መንገድ ላይ መተላለፍ ሲያስቸግር፣ ዳር ይዞ የሚያሳልፈው ቁልቁል የሚወርደው ነው፤ ሽቅብ ከሚወጣው ፊት መጠለያ የሚሆን ሰፋ ያለ ቦታ ካለና እርሱ እዚያ ቢገባ ማንም ወደ ኋላ መመለስ ሳያስፈልገው የሚቀር ከሆነ ግን የሚጠብቀው እርሱ ይሆናል። የግድ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ ሲኖርበት የማለፍ ቅድሚያ የሚሰጠው ከሁሉም በፊት ተሳቢ ላለው መኪና ነው፤ ከባዱ ከቀላሉ፣ አውቶቡስ ከጭነት መኪና ቅድሚያ አለው። ሁለቱ እኩል ከሆኑ የሚመለሰው የሚወርደው ነው። እርስዎ ቀላል መኪና ይዘው ይወርዱ ስለነበር በሁለቱም መለኪያ የማለፍ ቅድሚያው የአይሱዙው ነበር።

የደንቡ ምክንያት ግልጽ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ የቆመ መኪና በጠጠር ላይ እንደገና ለመነሣት ይቸገራል፤ ጎማው ይሽከረከርና ወደ ኋላ ሊንሸራተት ይችላል። በተግባር ግን ደንቡን ሁሉም ሰው አያውቀውም፤ ቢያውቀውም «አልመለስም» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ ከአፍ ከወጣ በኋላ ወደ ኋላ መንዳት ክብርን ማዋረድ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ጥሩንባ ከመንፋት በፊት ከመኪናው ወርዶ «እንደምን ዋሉ» ማለትን ነው። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ ቅርቡ ሰፊ ቦታ በየት በኩል እንዳለ አብሮ ማየት ይቻላል። የሚመለሰው ሰው ከተሳፋሪዎቹ አንዱን ያውርድና ያስመልሰው፤ አስመላሹ በስፖኪዮ በሚታይበት በሾፌሩ በኩል ዳር ላይ ይቁም እንጂ ከመኪናው ኋላና በገደሉ ጠርዝ ላይ አይቁም። አንድ ሰው ብቻ ይናገር፤ አምስት ሰው በአንድ ጊዜ «ና! በቃ! ግራ! ቀኝ!» ሲል ሾፌሩ ማንን እንደሚሰማ ይጠፋዋል።

ከፒያሳ የደወሉ አድማጭ፦ «በሌሊት ረጅም መብራት የማይቀንስ ሲያጋጥመኝ እኔም በረጅሙ እመልስለታለሁ። ጣርማ በር ላይ በጭጋግ ጊዜስ የትኛውን መብራት ልጠቀም?»

መልስ፦ አንድ ጊዜ ብልጭ አድርገው ያስታውሱት፤ ካልቀነሰ ግን አጸፋውን አይመልሱ፤ ሁለት የታወሩ አሽከርካሪዎች በጠባብ መንገድ ላይ ከአንድ ይብሳሉና። ፍጥነትዎን ቀንሰው ዓይንዎን በቀኝ በኩል ወዳለው የመንገድ ጠርዝ ያሳርፉ። በ80 ሲጓዙ ያላዩበት እያንዳንዱ ሴኮንድ 22 ሜትር መሆኑን ይያዙ። በጭጋግ ጊዜ አጭር መብራት ነው የሚበራው፤ ረጅሙ ጭጋጉ ላይ ነጥሮ ወደ እርስዎ ይመለሳል።

ከለገሃር የደወሉ አድማጭ፦ «ተበላሽቶ የቆመ መኪና ሹፌር ድንጋይ ደርድሮ፣ ቅጠል ጥሎ ይጠግንና ሲነሣ ሁሉንም እንዳለ ትቶት ይሄዳል። ይህስ ምን ይባላል?»

መልስ፦ ቅጠሉን አልነቅፍም። የሚያንጸባርቅ ባለሦስት ማዕዘን ምልክት በሌለበት ቦታ፣ አስፋልት ላይ የተጣለ ቅጠል ማንኛውም የአገራችን ሹፌር የሚረዳው ማስጠንቀቂያ ነው። ችግሩ የሚጣልበት ቦታ ነው። በ60 የሚጓዝ ሰው አደጋውን አይቶ እስኪቆም ድረስ ደረቅ መንገድ ላይ እንኳ ከ40 እስከ 50 ሜትር ይፈልጋል፤ ከመኪናው አምስት ሜትር ርቆ የተጣለ ቅጠል ምንም አይጠቅመውም። ቢያንስ 100 ሜትር ራቅ ይበል፤ ኩርባ ካለም ከኩርባው በፊት ይጣል። ድንጋዩን ግን ጎማ ለመደገፍ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ሲነሡም ረዳቱ እያንዳንዱን ድንጋይ ከመንገድ ሳያወጣ ወደ ጋቢና አይግባ። በሌሊት የሚያልፍ ባጃጅ ወይም ሞተር ሳይክል ያንን ድንጋይ የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነው።

ከሜክሲኮ የደወሉ እናት፦ «ለታኅሣሥ ገብርኤል ወደ ቁልቢ ስንሄድ ሹፌሩ በኩርባ ላይ ደርቦ ይቀድማል። ተሳፋሪው ዝም ይላል፤ አንዳንዱም ንዳው ይላል። እኔ ተሳፋሪዋ ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እናቴ፣ ይህ ጥያቄ በአሽከርካሪዎች ሥልጠና ላይ የማይነሣ በመሆኑ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ሲደርሱ ከአዋሽ ወዲያ ያለው የጨርጨር ተራራ መንገድ በተጓዥ ይሞላል፤ ሹፌሩም ቶሎ አድርሶ ለመመለስ ይጣደፋል። በኩርባው መካከል መጮህ ሹፌሩን ያስደነግጠዋል ወይም እልህ ያስይዘዋል። ለቁርስ ወይም ለነዳጅ ሲቆም በረዳቱ በኩል ወይም ራስዎ ቀርበው፣ ከተቻለ ከሁለት ሦስት ተሳፋሪዎች ጋር ሆነው «ልጄ፣ ቀስ ብለህ አድርሰን፤ ብንዘገይ አንከፋም» ይበሉት። ይህ አነጋገር የሚረዳው ሹፌሩ ብዙ ጊዜ የሚፈራው የተሳፋሪን ማጉረምረም ስለሆነ ነው፤ እርስዎ ከዚያ ፍርሃት ነጻ ያወጡታል። አልሰማ ካለ በሚቀጥለው የትራፊክ ፖሊስ ኬላ ላይ የመኪናውን ሰሌዳ ጠቅሰው ይንገሩ።

የሚጠብቁ ዘመዶችም አስተዋጽኦ አላቸው። «የት ደረሳችሁ? እስካሁን ምን ሆናችሁ?» እያሉ ወደ ሹፌሩ ስልክ የሚደውሉ ሰዎች፣ ሰውዬውን በአንድ እጅ እንዲነዳ ከማድረጋቸውም በላይ ያጣድፉታል። መደወል ካለባቸው ለተሳፋሪው ወይም ለረዳቱ ይደውሉ፤ የሚደርሱበትን ሰዓት ሲነግሯቸውም አንድ ሰዓት ጨምረው ይንገሯቸው።