ያልተጻፈው ግማሽ

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እዚህ ጅማ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው፤ ድምፁ ከገባባችሁ ይቅርታ። ጸጥ ያለ ሰዓት ልጠብቅ ካልኩ መስከረም ይጠባል።

ሰሞኑን ፓይለቶች ለጥቂት ስለተረፉባቸው በረራዎች ሲያወሩ እየሰማሁ ነው የከረምኩት። የሚገርመኝ፣ ከታሪኩ ጀግና ሆነው አለመውጣታቸው ነው። «ደክሞኝ ነበር» ይላሉ። «ረዳቴ ነግሮኝ ነበር፣ ችላ አልኩት» ይላሉ። መቼም ሰው በተፈጥሮው እንዲህ አይናገርም። የተማሩት በደም ነው።

በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1 ቀን 1974 ቲ ደብሊው ኤ የተባለ የአሜሪካ አየር መንገድ አንድ ቦይንግ 727 ዋሽንግተን አጠገብ ዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ ሲቃረብ ከተራራ ጋር ተላተመ። 92 ሰው አለቀ። ፓይለቶቹ «ወደ ማረፊያው መቅረብ ተፈቅዶላችኋል» ሲባሉ፣ ዝቅ ብንል ችግር የለውም ማለት ነው ብለው ተረድተውት ነበር። በኋላ የወጣው ነገር ነው የሚያንገበግበው። ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት ዩናይትድ የተባለው ሌላ አየር መንገድ ፓይለቶች እዚያው ቦታ፣ በዚያው ዓይነት አለመግባባት፣ ለጥቂት ተርፈዋል። ለድርጅታቸው ተናገሩ፤ ድርጅቱም የራሱን ፓይለቶች አስጠነቀቀ። ለጎረቤት ድርጅት የነገረ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ነው በፈረንጆቹ 1976 አሜሪካ ውስጥ ፓይለቶች ገጠመኛቸውን ለናሳ የሚጽፉበት አሠራር የተጀመረው። ለምን ናሳ? ናሳ ፈቃድ አይሰጥም፣ አይነጥቅም፣ አይቀጣም። የጸሐፊው ስም ተፍቆ ታሪኩ ብቻ ይወጣል። ሆን ብሎ ካላደረገው፣ ነገሩም ወንጀል ወይም አደጋ ካልሆነ፣ በ10 ቀን ውስጥ የጻፈ ሰው ከቅጣት ይድናል። ብልህ አሠራር ነው፤ ሰውን «እውነት ተናገር» ብሎ ከመምከር በፊት የሚፈራውን ነገር ማንሳት።

ግን መናገር ብቻውን አይበቃም፤ ግማሹን መናገርም አለ። መጋቢት 1 ቀን 2011ን የሚረሳ ያለ አይመስለኝም፤ ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 ከ157 ሰዎች ጋር ቢሾፍቱ አቅራቢያ የወደቀበት ቀን ነው። ከዚያ አምስት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያው ዓይነት አውሮፕላን፣ የላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ፣ ወድቆ 189 ሰው ሞቷል። እሱ አውሮፕላን ከመውደቁ በፊት በነበረው ምሽት በሌሎች ፓይለቶች እጅ ነበር። የካፒቴኑ መሪ ከተነሱበት ጀምሮ ይንቀጠቀጣል፤ አፍንጫው በራሱ ወደ ታች ይጎትታል። እነሱ የጭራውን ኤሌክትሪክ ማስተካከያ አጥፍተው፣ መሪው እየተንቀጠቀጠ ጃካርታ ድረስ አበረሩትና በሰላም አረፉ። ከዚያ የበረራ መዝገቡ ላይ የፍጥነትና የከፍታ ጠቋሚዎቹ እንደማይስማሙ ጻፉ። መሪው መንቀጥቀጡን ግን አልጻፉም። ማስተካከያውን ማጥፋታቸውንም አልጻፉም። ጠዋት የተረከቡት ፓይለቶች እጅ የገባው ያ ግማሽ ታሪክ ነው።

ጥፋቱን ሁሉ እነሱ ላይ ልከምር አይደለም። ቦይንግ ራሱ አፍንጫውን የሚደፋውን ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ለፓይለቶች በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ አልገለጸውም ነበር። ዝምታው ከላይ ነው የጀመረው።

እኛ መንገደኞቹስ? አንድ ክረምት ከቦሌ ስመጣ ጅማ አናት ላይ ደርሰን ደመናው አላሳርፍ አለና ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። አጠገቤ የነበሩ ነጋዴ «ሚኒባስ እንኳን እንዲህ አይመልስም!» ብለው ተቆጡ። አንዳንድ በረራ ሲያርፍ የሚያጨበጭብ አለ፤ ሲመለስ ያጨበጨበ ግን አላየሁም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አሉ፤ ጋሼ ነው የምንላቸው። ጊቤ በረሃን ሲወርዱ ፍሬን እምቢ ያላቸውን ታሪክ የማያውቅ የለም። ሁሌም የሚያልቀው «ፈጣሪ አተረፈኝ» ላይ ነው። ተመስገን እንላለን፣ ሁለተኛው ቡና ይቀዳል። በቀደም ግን ድፍረት አገኘሁና «ጋሼ፣ በስንተኛ ማርሽ ነበር የሚወርዱት?» አልኳቸው። ቤቱ ጸጥ አለ። ቅር ያላቸው መስሎኝ ነበር። «በአራተኛ» አሉ፤ ያን ቁልቁለት፣ ቡና ጭነው። በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባቸው ፍሬን እየረገጡ ነው የወረዱት። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ጨመሩ፦ ረዳታቸው የፍሬኑ ሽታ ቀድሞ ሸቶት ነበር፤ እንዳይቆጡት ፈርቶ ዝም አለ።

ያ ረዳት አሁን ራሱ ሾፌር ሆኖ አጋሮ መስመር ላይ ይሠራል። ስልኩን አግኝቻለሁ። እሺ ካለኝ፣ ስሙን ሳልጠራ፣ በሚቀጥለው ክፍል የእሱን ታሪክ እነግራችኋለሁ።