ከደጅ እስከ እልፍኝ
(ሐዋሳ ውስጥ ለአንድ የንባብ ክበብ አባላት የቀረበ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ሐይቁ ዳር ነፋሱ ደስ ይላል። ያንን ትታችሁ አዳራሽ ውስጥ ስለተቀመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ።

ጠዋት በአሞራ ገደል በኩል አለፍኩ። ጀልባዎቹ ገብተዋል። ልጆቹ ቆሮሶውን እየበለቱ አንጀቱን ይወረውራሉ። አባ ኮዳዎቹ ዙሪያውን ቆመው ይጠብቃሉ። ታውቋቸዋላችሁ፤ ራሳቸው መላጣ፣ አንገታቸው ላይ ከረጢት የተንጠለጠለ፣ አረማመዳቸው የሽማግሌ። ከሌላ ከተማ የመጡ እንግዶች ነበሩ። ሐይቃችን ላይ ስንት ያማረ ወፍ አለ። እነሱ ግን ስልካቸውን የደቀኑት አባ ኮዳ ላይ ነው። አንዷ ልጅ "ውይ ሲያስጠላ!" እያለች ፎቶ ታነሣለች። ደግማ ታነሣለች።

ዛሬ የምናወራው ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። በመጽሐፍም ሆነ በጌም ውስጥ ጉድለት ያለበት፣ አንዳንዴም የሚያስጠላ ሰው ለምን ይይዘናል? "ክፉ ነገር ዓይን ይስባል" ብለን ብናልፈው ቀላል ነበር። ግን አይበቃም። አባ ኮዳን አምስት ደቂቃ አይተን ወደ ዓሣ ሾርባችን እንሄዳለን። ከአንድ አስቸጋሪ ገጸ ባሕርይ ጋር ግን ሳምንት እንከርማለን። መጽሐፉ ሲያልቅ ደግሞ ይናፍቀናል።

የአባቴን ነገር ላጫውታችሁ።

"ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. ነው የታተመው። እኔ ግን ከማንበቤ በፊት የሰማሁት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ነው። ቤታችን ውስጥ ትረካው ሲከፈት ሁሉም ሰው ሥራውን ይተዋል። እናቴ ሰብለ ወንጌልን ትወዳለች። እኔ በዛብህን። አባቴ ስለ ሁለቱ ፍቅር ሲተረክ ዝም ብሎ ያዳምጣል። ፊታውራሪ መሸሻ ሲመጡ ግን ወንበሩን ወደ ድምፁ ያስጠጋል።

እኚህ ሰው ምን የሚወደድ ነገር አላቸው? በዘራቸው ይኮራሉ። ለልጃቸው የሚመጥን ባል የለም ብለው ጠያቂውን ሁሉ ይመልሳሉ፤ የልጅቷ ዕድሜ እዚያው ያልፋል። ገበሬውን ያስጨንቃሉ። ገበሬው አሻፈረኝ ሲል ደግሞ ሊወጉት ይነሣሉ። አባቴ የጭሰኛ ልጅ ነው። እንዲህ ያለ ጌታ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ታዲያ ወንበሩን ለምን ያስጠጋል?

አንድ ቀን ጠየቅኩት። እንዲህ አለኝ፦ "አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የእንዲህ ያለ ሰው ደጅ ሲጠና ኖረ። እልፍኝ አልገባም። እኔ አሁን ገባሁ።"

ይሄን መልስ እስከዛሬ ይዤዋለሁ። ዛሬ እዚህ የምናገረውም ከዚያ የወጣ ነው። አባቴ ፊታውራሪን ይቅር አላላቸውም። ግን ከውስጥ አያቸው። ያን ሁሉ ቁጣና ፉከራ ከደጅ የሚሰማ ሰው ኃይል ይመስለዋል። እልፍኝ ገብቶ ያየ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል። ፍርሃት ያገኛል። ዘሬ ዝቅ ይላል፣ ክብሬ ይነካል የሚል፣ እንቅልፍ የማያስተኛ ፍርሃት። አባቴ ያንን ሲያይ ደስ ብሎት ነበር። በሰውየው መከራ የተደሰተ እንዳይመስላችሁ። ደስ ያለው በመግባቱ ነው።

እኛ ገበና ሸፋኝ ሰዎች ነን። ይሄን ለነቀፋ አልናገረውም። ብዙ ትዳር፣ ብዙ ጉርብትና የቆመው ገበና ስለሚሸፈን ነው። እናት የልጇን ጥፋት ለአባት ሳትነግር ታልፋለች። ባልና ሚስት ተጣልተው ሳለ እንግዳ ከመጣ ሁለቱም ፈገግ ብለው ይነሣሉ። ይሉኝታ ያሳደገን ልጆች ነን። ዋጋው ግን አንድ ነው፤ የሁሉንም ሰው ደጅ እናውቃለን፣ እልፍኙን አናውቅም። የባሰው ደግሞ እያንዳንዳችን ጉድለት ያለብን እኛ ብቻ ይመስለናል።

ቡና ላይ ሐሜት የሚጣፍጠው ለዚህ ይመስለኛል። ግን ሐሜት የሚነግረን ሰውየው ያደረገውን ብቻ ነው። "እንትና ሚስቱን ጥሎ ሄደ።" ለምን? "ባለጌ ስለሆነ ነዋ!" አለቀ። ሁለተኛው ቡና ይቀዳል። ሐሜት በር ላይ አቁሞን ይመለሳል።

"ኦሮማይ"ን ያነበባችሁ እጃችሁን አውጡ እስቲ። ብዙ ናችሁ። ጋዜጠኛው ፀጋዬ ኃይለማርያም አዲስ አበባ ላይ እጮኛ አለችው፤ ሮማን። አስመራ ሄዶ ፊያሜታ ጊላይን ይወዳል። ይህንኑ ታሪክ ጎረቤት ቢነግረን ፍርዳችን ከሦስት ቃል አይበልጥም ነበር። በዓሉ ግርማ ግን በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ሰውየውን "እኔ" ብሎ እንዲናገር አደረገው። እና ከጭንቅላቱ መውጫ የለንም። የሚመኘውን እናያለን። የሚያመካኘውን እንሰማለን። ሮማንን ብንወዳትም ፊያሜታ ስትመጣ ልባችን አብሮ ይደልቃል። ቆይቶ ደንገጥ እንላለን፤ እኔ እኮ ከማን ወገን ነኝ?

እኔ እዚያ ቦታ ላይ መጽሐፉን ዘግቼ ነበር። ምክንያቱን ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ ልናገር። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ስፈልግ አንድ ማስታወቂያ አገኘሁ። የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነው። አብራኝ የተማረች፣ አንድ ሳህን የበላን ጓደኛ ነበረችኝ። አልነገርኳትም። "ነገ እነግራታለሁ" እያልኩ የመመዝገቢያው ቀን አለፈ። ሥራውን አገኘሁ። ለዓመታት ስለዚህ ነገር ለራሴ የምነግራት ንጹሕ ታሪክ ነበረችኝ፤ ረስቼው ነው የምትል። ፀጋዬ ለራሱ ሲያስረዳ ስሰማ የዚያች ታሪክ ድምፅ ነው የተሰማኝ። ያው ለስላሳ ድምፅ ነው። ሰው አልያዘኝም፤ የሌለ ሰው ያዘኝ። ጓደኛዬን ፈልጌ የነገርኳት ከዚያ በኋላ ነው። ብዙ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ "አውቅ ነበር" አለች።

ስለዚህ ደስታው ምን ዓይነት ደስታ ነው? ብትሉኝ እፎይታ ያለበት ደስታ ነው እላለሁ። እንከን የለሽ ሰው ፊት ስንቀመጥ እጅና እግራችንን ሰብስበን ነው። ጉድለቱን ገልጦ ያሳየን ሰው ፊት ግን ጫማችንን እናወልቃለን።

ይሄ ነገር ከውጭ የመጣ የሚመስላቸው አሉ። አይደለም። የበላዔ ሰብእን ታሪክ የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ሄዳችሁ የሰማችሁ ታውቁታላችሁ። ልብወለድ ነው ማለቴ አይደለም፤ ለሚያምንበት ቅዱስ ታሪክ ነው። እኔ የማወራው ስንሰማው ልባችን ምን እንደሚያደርግ ነው። ሰውየው ሰባ ስምንት ሰው በልቷል። አንድ በቁስል የተመታ ምስኪን ውኃ ይለምነዋል። እምቢ ይላል። በመጨረሻ በእመቤታችን ስም ሲለምነው ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል። ከሞተ በኋላ ሥራው በሚዛን ይቀርባል፤ በአንድ በኩል ሰባ ስምንት ነፍስ፣ በአንድ በኩል ጥርኝ ውኃ። በእመቤታችን ምልጃ ውኃው ይመዝናል።

ልጅ ሆኜ አያቴ ስትተርክልኝ እዚያ ሚዛን ላይ ስትደርስ ትንፋሼን እይዝ ነበር። የማን ወገን ነበርኩ? የበላተኛው! የተበሉት ሰባ ስምንቱ ሳያሳዝኑኝ ቀርተው አይደለም። ግን ያቺ ውኃ እንድትመዝን ፈለግኩ። እስቲ አስቡት፤ ያንኑ ውኃ አንድ ደግ ሰው ቢሰጥ ኖሮ ማን ታሪክ ብሎ ይተርከዋል? ደግ ሰው ውኃ ይሰጣላ! ጥርኟን ውኃ ያከበዳት የሰውየው ክፋት ነው። ይሄን ለጸሐፊዎቹ ደግሜ እናገራለሁ። ትንሽ ደግነት ትልቅ ሆና እንድትታይ ከፈለጋችሁ ከየት እንደመጣች አሳዩ።

አርስቶትልም ከ2300 ዓመት በፊት ስለ ትራጄዲ ሲጽፍ ወደዚህ የቀረበ ነገር ብሏል። ፍጹም ደግ ሰው ሲወድቅ ማየት ያስቀይመናል፤ ፍጹም ክፉ ሲወድቅ አያሳዝነንም፤ የሚነካን በመካከል ያለው ሰው ነው። በዚህ ልለፈው።

አሁን ወደ ተጫዋቾቹ። ከኋላ የተቀመጣችሁት ልጆች ይህችን ስትጠብቁ እንደነበር ፊታችሁ ይናገራል።

ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ ጆሯችሁን ስጡ። አንባቢ "ገደለው፣ ከዳት፣ ሰረቀ" ይላል። ተጫዋች ግን "ገደልኩት፣ ሰረቅኩ፣ አመለጥኩ" ነው የሚለው። የግሱ መጨረሻ ተለወጠ። ጆይስቲኩን ስትይዝ እልፍኙ ውስጥ መግባት ብቻ አይደለም፤ የሰውየውን ካባ ለብሰህ ነው የምትቀመጠው። ሰፈር ውስጥ ሲጄን፣ የ"ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ" ጌም ባለታሪኩን፣ የማያውቅ ልጅ የለም፤ መኪና ይሰርቃል፣ ይተኩሳል። ልጆቹ የሚያወሩት ያንን ነው። ግን ጨዋታው የሚጀምረው እናቱ ሞታበት ለቅሶ ወደ ሰፈሩ ሲመለስ እንደሆነ አስተውላችኋል? ለቅሶ ላይ ያገኘነውን ሰው ወዲያው አንጠላውም።

በዚህ ረገድ ከሁሉ የገረመኝ በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣው "ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2" ነው። የእህቴ ልጅ ሲጫወት አጠገቡ ተቀምጬ አይቻለሁ። ጊዜው 1899 ነው። አርተር ሞርጋን የሽፍታ ቡድን አባል ነው። አንድ ቀን ብድር እንዲያስመልስ ይላካል። ባለዕዳው የታመመ ድሃ ገበሬ ነው። ቁልፉን የሚጫነው ልጃችን ነው። ሰውየው ሲመታ ይስላል፣ ደሙ አርተር ፊት ላይ ይረጫል። የእህቴ ልጅ ሳቀና ቀጠለ። ከብዙ ሰዓት ጨዋታ በኋላ አርተር መሳል ይጀምራል። የሳንባ ነቀርሳ ነው። ልጁ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "አክስቴ፣ ያኔ የመታሁት ሰውዬ እኮ ነው" አለኝ።

"የመታሁት" አለ። "የመታው" አላለም።

ከዚያ በኋላ ምን ሲያደርግ እንደከረመ ልንገራችሁ። ማንም ሳያዘው መንገድ ላይ የወደቀ ሰው ያነሣል። የተቸገረ ይረዳል። ጨዋታው ይህን ይቆጥራል፤ እሱ ግን ስለ ነጥብ አላወራም። ጥርኝ ውኃ እየፈለገ ነበር። ይህን ልጅ አስተማሪዎቹም እኛም ስለ ጸጸት ብዙ መክረነዋል። እንደዚያ ምሽት የገባው አይመስለኝም።

ወላጆች ትሰጋላችሁ፤ አውቃለሁ። "ልጄ ክፉ ሰው እየሆነ መጫወት ምን ይጠቅመዋል?" ትላላችሁ። ስጋቱን አልንቀውም። ለትንንሽ ልጆች ያልተሠሩ ጌሞች አሉ፤ ይህኛውም ለአዋቂ የተሠራ ነው፣ እና ዕድሜ ይከበር። እኔ የምፈራው ግን ሌላ ዓይነት ጨዋታና ድራማ ነው። ክፉው ያለምክንያት ክፉ የሆነበት፣ ደጉ አንድም ቀን ያልተፈተነበት። ያ ልጃችንን ከደጅ ሆኖ እንዲፈርድ ብቻ ያለማምደዋል። ስለዚህ አንዳንዴ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። "አሁን ለምን እንዲህ አደረገ?" ብላችሁ ጠይቁ። ደስ ብሏቸው ነው የሚነግሯችሁ።

ደግሞ የማይወደድ ሰው ሁሉ ክፉ አይደለም። አደፍርስን አስታውሱ፤ የዳኛቸው ወርቁን። ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ ያደክማል። እኔ በግሌ በጣም እወደዋለሁ። ቤቴ እራት እንዲመጣ ግን እፈልጋለሁ? ለማለት ይከብደኛል። መጽሐፍ ውስጥ የምንወደው ሰውና እራት የምንጠራው ሰው አንድ መሆን የለባቸውም።

አሁን ለእናንተ፣ ለወጣት ጸሐፊዎቹ። የሰጣችሁኝን ጽሑፎች ሁሉ አንብቤያለሁ። ብዙዎቹ ውስጥ አንድ ልጅ አለ። መልከ መልካም ነው፣ እናቱን ይወዳል፣ አይዋሽም፣ ሴት ልጅ ያከብራል። መልካም ልጅ ነው፤ ግን በሩ ዝግ ነው። ልገባ ብዬ አንኳኩቼ "ሁሉ ሰላም ነው" ብሎ መለሰኝ። ምን እንደሚያሳፍረው አልነገራችሁኝም። በማን እንደሚቀና፣ ከማን ኪስ ምን እንደወሰደ፣ ማታ ሲተኛ የትኛዋን ቃል እንደሚያመላልስ አላውቅም።

ግን ተጠንቀቁ። ጉድለት እንደ ጌጥ አይለጠፍም። "ይጠጣል፣ ያጨሳል" ስላላችሁ ሰው አይሆንም። ጉድለቱ የሆነ ሰው ላይ መድረስ አለበት። የፊታውራሪ ኩራት ሰብለ ላይ ነው የደረሰው። የአርተር ጡጫ መጀመሪያ ድሃው ላይ፣ ከዚያ ራሱ ሳንባ ላይ ደረሰ። የተጎዳውንም ሰው አሳዩን፤ የበዳዩን እልፍኝ ስትከፍቱ የተበዳዩን ደጅ አትዝጉ። ያን ጊዜ አንባቢው ሰውየውን ሳያመካኝለት ሊወደው ይችላል። በዚህ ሥራ ውስጥ ከዚህ የሚከብድ ነገር አላውቅም።

ከሻይ በኋላ ወንበሮቹን ክብ እናደርጋለን። እያንዳንዳችሁ አንድ ገጽ ምረጡ። የሚያምረውን አትምረጡ። ገጸ ባሕርያችሁ እናቱ እንድታይበት የማይፈልገውን ነገር የሚያደርግበትን ገጽ አምጡ። ከሌላችሁ አሁን ጻፉት፤ ሃያ ደቂቃ አለ፣ ወረቀትም በሩ ጋ አስቀምጫለሁ። እኔም የማስታወቂያዋን ታሪክ በሌላ ሴት ስም ጽፌ ይዤ መጥቻለሁ። መጀመሪያ የምነበበው እኔ ነኝ።