ቀሚሱ ቀድሞ ይገባል

ሰላም ለእናንተ ይሁን፤ እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ ዩጃ ዋንግ አንድ ክፍል እንድሠራ ከጠየቃችሁኝ ቆይቷል፤ እኔም ስሸሸው የኖርኩት ስለ እርሷ የተጀመረ ወሬ ሁሉ ዞሮ ዞሮ ቀሚስ ላይ ስለሚያርፍ ነው። ቅዳሜ ዕለት ፒያኖ ከተጫወትኩበት ኮንሰርት በኋላ የገጠመኝ ነገር ግን እስከ ዛሬ ስላልለቀቀኝ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማንሣት የተሻለ መስሎ ታየኝ። «ነፍስ ይማር» ስለምንላት ጥቁር የመድረክ ቀሚሴ ለምትጠይቁኝ ደግሞ፣ ደህና ናት፤ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅላለች፣ ቅዳሜም አልለበስኳትም። የአክስቴ ልጅ «እንግዲህ አርባዋም ወጥቷል» ብሎ ነገሩን ዘግቶታል።

ከዩጃ ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ1987 ቤጂንግ የተወለደች፣ ፊላደልፊያ በሚገኘው በከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ከጋሪ ግራፍማን ዘንድ የተማረች፣ በ2007 ዝነኛዋ ፒያኒስት ማርታ አርጌሪች በቀረችበት ኮንሰርት ተተክታ ከቦስተን ሲምፎኒ ጋር ቻይኮቭስኪን በመጫወት ስሟን ያስጠራች ፒያኒስት ናት። ይህን የሚያውቀው የሙያው ሰው ነው። ሌላው ዓለም ያወቃት ግን በኦገስት 2011፣ ሎስ አንጀለስ በሚገኘው የሆሊውድ ቦውል መድረክ ላይ፣ አጭር ብርቱካናማ ቀሚስ ለብሳ የራክማኒኖፍን ሦስተኛ ኮንቼርቶ፣ ማለትም ፒያኖ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተውን ሥራ፣ በተጫወተች ጊዜ ነው። የሎስ አንጀለስ ታይምስ ሐያሲ፣ ቀሚሱ ከዚያ ጥቂት ቢያጥር ኖሮ ከ18 ዓመት በታች ያሉ አድማጮች ያለ አሳዳጊ ባልገቡ ነበር የሚል ቀልድ ጻፈ፤ ክርክሩም በዚያው ተቀጣጠለ። ኮንቼርቶው ግን አርባ ደቂቃ ገደማ የሚፈጅ፣ ፒያኒስቶች በፍርሃት የሚጠሩት ሥራ ነው፤ ደግሞም በጩኸት አይጀምርም፤ ሁለቱ እጆች አንዱን ዜማ ያለ ምንም ጌጥ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ እኩል ይዘውት ይወጣሉ። ያንን ዜማ እንዴት አድርጋ እንደጀመረችው የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ ቀሚሱን ግን በቦታው ያልነበረውም ያስታውሰዋል።

የሚገርመው፣ እዚያው መድረክ ላይ ከ59 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1952፣ ሊበራቼ የሚባለው አሜሪካዊ ፒያኒስት ነጭ ኮት ለብሶ ወጥቶ ነበር። ምክንያቱ ጥቁር ከለበሰው ኦርኬስትራ መካከል ከሩቅ እንዲለይ ነበር፤ ከ17 ሺህ ሰው በላይ በሚይዝ ገላጣ ቦታ ላይ ይህ ከጌጥ ይልቅ የስሌት ጉዳይ ነው። ከነጩ ኮት በኋላ ፀጉራሙ ካባ፣ የሚያብለጨልጨው ድንጋይ፣ ፒያኖው ላይ የሚቆመው ባለ ብዙ ቅርንጫፍ መቅረዝ ተከታተሉ፤ ልብሶቹና መኪናዎቹ የሚታዩበት ሙዚየምም ላስ ቬጋስ ውስጥ ከ1979 እስከ 2010 ክፍት ሆኖ ቆይቷል። ይኸው ሰው በ1940 ከቺካጎ ሲምፎኒ ጋር የሃንጋሪያዊውን ፒያኒስትና አቀናባሪ የሊስትን ሁለተኛ ኮንቼርቶ የተጫወተ ነው። እውነቱን ለመናገር የሊበራቼን ሾፓን አልወደውም፤ ቆራርጦ፣ ከዘመኑ ተወዳጅ ዘፈኖች ጋር አደባልቆ፣ ሰው ከመሰልቸቱ በፊት ያበቃ ነበር። ነጩን ኮት ግን እረዳዋለሁ።

ጥቁሩም ቢሆን ከሰማይ አልወረደም። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ጌቶች ለማታ ግብዣ የሚለብሱት ፋሽን ነበር፤ ጌቶቹ ትተውት ሙዚቀኞቹ ላይ ቀረ። ጎናችንን ለሕዝብ ሰጥተን የምንቀመጥበት አቀማመጥም የመታየት ታሪክ አለበት፤ ዱሴክ የሚባለው ቦሄሚያዊ ፒያኒስት መልከ መልካም ስለነበረ ታዳሚው የፊቱን ጎን እንዲያይለት ብሎ ጀመረው ይባላል፤ ከእርሱ በኋላ ሊስት አጸናው። በእርግጥ ክዳኑ ወደ አዳራሹ ሲከፈት ድምፁ ወደ ሰው ይሄዳል፤ እርሱን አልካድኩም። ነገር ግን ጀርመናዊው ገጣሚ ሃይኔ በ1844 «ሊስቶማኒያ» ብሎ የሰየመው እብደት፣ ሴቶች የሰውየውን ጓንት የተሻሙበት ያ ወረት፣ በድምፅ ብቻ የመጣ አልነበረም። ስለዚህ «ድሮ ሙዚቃው ብቻ ነበር የሚደመጠው» የሚለኝ ሰው ሲመጣ የትኛውን ድሮ ማለቱ እንደሆነ መጠየቅ እወዳለሁ። እኛ ዘንድ ደግሞ ጥቁር ሌላ ጣጣ አለው፤ የአዳራሹ ጥበቃ ጥቁሯን ቀሚሴን አይተው «እግዜር ያጽናሽ» ያሉኝን ቀን ደግሜ አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

ቅዳሜ የለበስኩት ሽሮ ሜዳ ያሠራሁትን የመነን ቀሚስ ነው። አዘጋጁ ደውሎ «ምን ለብሰሽ ነው የምትመጪው?» ያለኝ ምን እንደምጫወት ከመጠየቁ በፊት ነበር፤ ከእኔ ቀጥሎ የሚጫወተውን ወንድ ግን ስለ ልብሱ አልጠየቀውም፤ ይህን እርሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ለማንኛውም፣ ሰፊው ጥለቱን እስከ እጅጌው ጫፍ አውርዶት ነበር፤ ጥለቱ ወፍራም በመሆኑ አንጓዬ ላይ ወርዶ ቁልፎቹን ይጠርጋል፤ ስለዚህ ክርኔ ላይ አስቆረጥኩት። መጀመሪያ የሾፓንን ኖክተርን፣ ቀጥሎ በትዝታ ቅኝት ያቀነባበርኩትን፣ በመጨረሻም እናንተ የመረጣችሁልኝን፣ ታክሲ ውስጥ ሁሉ የሚሰማውን ያንን ዘፈን ተጫወትኩ። በሦስተኛው ላይ ሰው አብሮኝ አንጎራጎረ፤ ደስ ይል ነበር፤ የዛሬው ጉዳዬ ግን እርሱ አይደለም።

ሰዉ ፎቶ እየተነሣ ሳለ ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድሙ፣ የእጅጌዬን ጫፍ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ያዙት። አላጠበቁትም፤ ጨርቅ የሚያውቅ ሰው እንደሚያደርገው አሸት አሸት አድርገው፣ ጫፉን ወደ ውጭ ገልብጠው ስፌቱን ተመለከቱ። «ጥለቱን ያስቆረጥሽው ለእጅሽ ብለሽ ነው?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኳቸው። «ደግ አደረግሽ» አሉና ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያ «ሁለተኛው ላይ ግን ትከሻሽ ተነሣ፤ ብብቱ ጠቦሻል» አሉኝ። ቀጥለው ስንት እንዳስከፈሉኝ ጠየቁ፤ ነገርኳቸው፤ «አስወድደውብሻል ልጄ» ብለው ሄዱ። በቃ ይኸው ነው፤ ሌላ የተባለ ነገር የለም።

ብብቱ ግን አልጠበበኝም። በሁለተኛው ሥራ አጋማሽ ላይ ግራ እጄ ከታችኛው ድምፅ ተነሥቶ በቀኝ እጄ በላይ ተሻግሮ የሚያርፍበት ቦታ አለ፤ ማንም ፒያኒስት እንዲህ ዓይነት ቦታ ሲቃረብ ሰውነቱ አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ የእኔው ትከሻ እዚያ ይነሣል። እንግዲህ እኒያ እናት ያዩት ቀሚሱን ነው ወይስ የሰሙት ሙዚቃውን? አንዳንዴ እንዲህ አስበዋለሁ፤ ድምፁ እዚያ ቦታ ላይ ጠንከር ማለቱ ተሰምቷቸው፣ ምክንያቱን ሲፈልጉ በሚያውቁት ነገር፣ በስፌቱ ገለጹት። ይህ እውነት ከሆነ በዚያ አዳራሽ ውስጥ እንደ እርሳቸው ያዳመጠኝ የለም፤ «በጣም ቆንጆ ነበር» ብለው ካቀፉኝ ሁሉ ይበልጣሉ። ደግሞ ወዲያው ተቃራኒው ይመጣብኛል፤ ምሽቱን ሙሉ ስፌቱን ሲያዩ ቆይተው፣ ሾፓንም ትዝታም በጆሯቸው አልፎ፣ ጨርቁ ብቻ ተርፏቸው ይሆናል። ስለ ዜማው አንዲት ቃል አልተናገሩምና። ያ የልብስ ጥያቄ ከአዘጋጁ አፍ ሲመጣ አናዶኝ፣ ከእርሳቸው ጣት ሲመጣ ለምን ደስ እንዳለኝም አላውቅም፤ ደስ ብሎኝ ነበርና።

የዩጃን ቪዲዮዎች መልሼ የከፈትኩት ለዚህ ነው፤ ድምፁን አጥፍቼ። ስድብ ይመስላል፣ ግን ሞክሩት። ክንዷና ጀርባዋ የተገለጠ በመሆኑ፣ ክብደቱ ከጀርባ ተነሥቶ በትከሻ አጥንቷ በኩል ወደ ክንዷ ሲወርድና ጣቷ ላይ ሲያርፍ በግልጽ ይታያል፤ በወፍራም ኮት ውስጥ የሚጫወት ሰው ይህን ሁሉ ደብቆ ነው የሚጫወተው። የፒያኖ ተማሪ ሳለሁ እንዲህ ያለ ጀርባ ባይ ኖሮ ብዙ ነገር ያጥርልኝ ነበር። ስለ ጫማዋ ግን ምን እንደምል ግራ ይገባኛል፤ ፔዳል ስንረግጥ ተረከዛችን መሬት ላይ ተተክሎ እግራችን ከፊት ከፍ ዝቅ እንዲል ነው የተማርነው፤ በዚያ ረጅም ተረከዝ ላይ ቁርጭምጭሚቷ አስቀድሞ ተሰቅሎ እያለ ድምፁን ያን ያህል ማጥራቷ ያስቀናል።

ደግሞ ሰዎች ልብሷን ብቻ ሲያወሩ አቅሟ ይረሳል። በጃንዋሪ 28 ቀን 2023 በኒው ዮርኩ ካርኔጊ አዳራሽ፣ ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራና ከመሪው ከያኒክ ኔዜ ሴጋን ጋር፣ የራክማኒኖፍን አራቱንም ኮንቼርቶዎች በፓጋኒኒ ጭብጥ ላይ ከጻፈው ራፕሶዲ ጋር ደርባ በአንድ ቀን ተጫወተች። ቀሚስ መቀያየሯ አልቀረም፤ የልብ ምቷም በመሣሪያ ይለካ ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሰው ከቀሚሱ ሥር ልብ መኖሩን አስቧል ማለት ነው። ሕዝቡ ደጋግሞ ሲጠራት የሞዛርትን የቱርክ ማርሽ በጃዝ አጣምማ የምታመጣውም እርሷው ናት፤ ቴዲ አብራምስ የጻፈላት፣ ጃዙም ፖፑም የሚሰማበት ኮንቼርቶ ያለበት አልበም በ2024 ግራሚ አስገኝቶላታል። በዚያው በ1987 ባቱሚ፣ ጆርጂያ የተወለደችው ፒያኒስት ኻቲያ ቡኒያቲሽቪሊም በ2015 በወጣው የኮልድፕሌይ አልበም ላይ ተጫውታለች፤ ስለ እርሷም ቢሆን ወሬው ከቀሚስ አይርቅም። ግርማ ይፍራሸዋ የአገራችንን ዜማ በፒያኖ አደራጅተው ሲያሰሙን ስለ ልብሳቸው የተነጋገርንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ነገሩ የሴትና የወንድ ነው ብዬ ልደመድም ስል ደግሞ ሊበራቼ ይመጣብኛል፤ አንድ የለንደን ጋዜጣ አምደኛ ስለ ሰውየው ሁለመና የጻፈው ነገር ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በ1959 ጋዜጣው 8,000 ፓውንድ እንዲከፍል ተፈርዶበታል። ወንድነቱ አላዳነውም።

ፒያኒስቷ መነኩሴ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም አሉ። የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ በኋላም ካይሮ ድረስ ሄደው ከቫዮሊኒስቱ ኮንቶሮቪች ያጠኑ፣ መልበስም መታየትም ከሚያውቅ ቤት የወጡ ሰው ነበሩ። ሁሉን ትተው ግሸን ማርያም ገቡ፤ ጫማም አወለቁ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1960ዎቹ ጀርመን ታትሞ፣ እርሳቸው በማርች 2023 በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም እስካረፉ ድረስ፣ በዚያ ፒያኖ ላይ የአውሮፓው ዋልትዝና የእኛው ቅኝት ተጠጋግተው ኖሩ። ጫማውን ያወለቁት ለእግዚአብሔር እንጂ ለታዳሚ አልነበረም፤ ሆኖም ውጭ አገር ስለ እርሳቸው ከሚጻፈው ብዙው የሚጀምረው ከባዶ እግራቸው ነው፤ ከዚያ የመነኩሴ ቆባቸው ይመጣል፤ ጣታቸው ሦስተኛ ነው። ዩጃ በለበሰችው፣ እማሆይ ባወለቁት ተጠሩ። ይህ አባባል ሲሰማ ያማረ ይመስላል፤ ግን ልክነቱን እጠራጠራለሁ፤ ምንኩስናን ከመድረክ ልብስ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ራሱ ድፍረት ይሆንብኛል፤ ደግሞ እርሳቸውን በዚህ ወሬ ውስጥ ሳነሣ እኔም ያው ከእግራቸው ጀመርኩ ማለት ነው፤ ስለዚህ ይህን እዚህ ላይ ልተወው።

ለሚቀጥለው ኮንሰርት ፖስተር ፎቶ ላኪ ተብያለሁ። የሥራዎቹን ዝርዝር ልኬ ጨርሻለሁ፤ እዚያ ላይ አልተቸገርኩም፤ ባቲውን ከሃንጋሪያዊው አቀናባሪ ከባርቶክ አጠገብ አስቀምጫለሁ፤ እንደምትወዱት አውቃለሁ። ፎቶው ነው ያልሆነልኝ። እጆቼ ብቻ ቢታዩስ ብዬ ነበር፤ ግን እጅ ካለ እጅጌ አለ፤ እጅጌ ከሌለም የእጅጌው አለመኖር ወሬ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ የፒያኖውን ፎቶ ብቻ ላኪ ይላል፤ የእኔ ፒያኖ ደግሞ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ እርሱስ ምን ለብሶ ይቅረብ? ትናንት ፎቶ አንሺው ደውሎ ያንኑ «ምን ለብሰሽ ነው የምትመጪው?» የሚለውን ጥያቄ ጠየቀኝ፤ እኔም ገና ሳይጨርስ ስለ አንጓና ስለ ብብት ብዙ ተናገርኩ፤ ለካስ እርሱ የፈለገው ከበስተኋላ የሚሰቅለውን ጨርቅ ቀለም ለመምረጥ ያህል ብቻ ነበር፤ አረንጓዴ ነው ወይስ ግራጫ ይላል፤ እኔ እንጃ፣ ግራጫው ምናልባት… ግን ደግሞ መነኑ ነጭ ስለሆነ…