ካርታችሁ ሮክቪል ነው

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን ዋላችሁ። የዕድራችን ሰብሳቢ አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። ስለ ቤት ሰነድ ማውራት ከጀመርኩ እንደማላቆም ስለሚያውቁ ሰዓት የሚይዝብኝ ሰው ፊት ለፊቴ አስቀምጠዋል።

ቤት ሲሸጥና ሲገዛ መዝገብ የማገላብጠው እኔ ነኝ። ቤቱ የማን እንደነበረ፣ ዕዳ ይኑርበት አይኑርበት እፈትሻለሁ። ከአበሻ ደንበኞቼ በብዛት የምሰማው ጥያቄ «ካርታዬስ?» የሚል ነው።

እውነታቸውን ነው። አገር ቤት ካርታ ማለት ቤቱ ራሱ ማለት ነው። ሳጥን ውስጥ ይቆለፍበታል። ክፍለ ከተማ ሄደን «ፋይሉ አልተገኘም፣ ሰኞ ተመለሱ» ስንባል የኖርን ሰዎች ነን። እዚህ አሜሪካ ያለው ዲድ ነው፤ ሻጩ ለገዢው አስተላልፌያለሁ ብሎ የፈረመው ወረቀት። እሱም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። እቤት ያለው ቅጂ ቢጠፋ ባለቤትነታችሁ አይጠፋም። መዝገቡ ደግሞ ለማንም ክፍት ነው። ጎረቤታችሁ የእናንተን ያያል፣ እናንተም የእሱን። አዎ፣ በስንት እንደገዛውም ጭምር።

መጀመሪያ ግን ካውንቲያችሁን፣ ማለትም ቤታችሁ ያለበትን የስቴቱን አስተዳደር ክፍል እወቁ። ሜሪላንድ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የላትም፤ በሕግ ራሷን የቻለች ከተማ አይደለችም። ሞንጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ናት፤ መዝገቧም ሮክቪል ከተማ፣ ሰርኪዩት ኮርት ክለርክ፣ ማለትም የካውንቲው ፍርድ ቤት መዝገብ ያዥ ዘንድ ነው። የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ሰዎች አፐር ማርልቦሮ ነው የእናንተ። ቨርጂኒያ ላይ ይብሳል። ፖስታችሁ «አሌክሳንድሪያ» እያለ ይመጣል፣ ቤቱ ግን ፌርፋክስ ካውንቲ ይሆናል። እዚያ አሌክሳንድሪያ ከተማ ከካውንቲ ውጭ ራሷን የቻለች ስለሆነች፣ የተሳሳተው ፍርድ ቤት ሄዶ የሚመለስ ብዙ ነው። ዲሲ ካውንቲ የለውም፤ ሪኮርደር ኦፍ ዲድስ የሚባል የዲድ መዝጋቢ ቢሮ አለው። ያ ከባርነት አምልጦ ባርነትን የታገለው ታላቁ ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1881 እ.ኤ.አ. የተሾመው የዚሁ ቢሮ ኃላፊ ሆኖ ነው። ይህችን ሳልናገር ማለፍ አልቻልኩም።

ሜሪላንድ ላሉት ነገሩ ቀላል ነው። ኤስዳት በሚባለው የስቴቱ የንብረት ግምት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ገብታችሁ የቤት ቁጥርና የመንገዱን ስም ጻፉ። «ስትሪት»፣ «አቬኑ» የሚለውን ተዉት፤ እሱን ሲጨምሩ ነው ብዙ ሰዎች «የለም» የሚባሉት። የባለቤቱ ስም፣ የተገዛበት ዋጋና ለግብር የተገመተው ይወጣል። ዲድ ከሚለው አጠገብ ሁለት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው የመዝገቡ ጥራዝ፣ ሌላው ገጹ ነው። ቁጥሮቹን ይዛችሁ ኤምዲ ላንድሬክ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ተመዝገቡ፤ የፈረማችሁበትን ወረቀት ራሱን ታያላችሁ።

እዚያው ኤስዳት ላይ ወደ ታች ወርዳችሁ ሆምስቴድ የሚለውን እዩ። የምትኖሩበት ቤት ከሆነና «ማመልከቻ የለም» ካለ፣ ዛሬ ማታ አመልክቱ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው። ግብር የሚሰላበት የቤት ግምት በአንድ ጊዜ እንዳይሰቀል የሚይዘው እሱ ነው።

አሁን ልቤን ወደሚያመኝ ልምጣ። ወንድም ከወንድሙ ጋር ቤት ይገዛል። ክሬዲቱ (የብድር ታሪኩ) ጥሩ የሆነው ሎኑ፣ ማለትም የቤቱ ብድር ላይ ይፈርማል፣ ለዓመታትም አብሮ ይከፍላል። «ስሜ አለበት» ይላል። ዲዱን ስናወጣ ስሙ የለም። ሎን ላይ መፈረም ዕዳው ውስጥ ያስገባል እንጂ የቤቱ ባለቤት አያደርግም። እንዲህ ያለውን ወረቀት ሰው ፊት ከፍቼ አውቃለሁ። ዝምታው ይከብዳል። አብራችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ ሳትጣሉ ፍቅር ባለበት ሰዓት እዩት።

የፍርድ ቤቱን ደግሞ ኬዝ ሰርች ላይ ታገኙታላችሁ። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ነው፣ ነፃ ነው። የትራፊክ ቅጣት፣ የቤት ኪራይ ክስ፣ ፍቺ፣ ዕዳ በስም ይፈለጋል። እዚያ የምታዩት የጉዳዩን ሂደት ነው፤ ወረቀቱን ለማየት ክለርኩ ቢሮ መሄድ አለ።

ችግሩ ስማችን ነው። ገብረማርያምን በአንድ ቃል የሚጽፍ አለ፣ በሁለት የሚጽፍ አለ። ወልዴ በ«ኦ» ነው በ«ኢ»? ፀሐይን በ«ቲ» የሚጀምር አለ፣ በ«ኤስ» የሚጀምርም አለ። በአንድ አጻጻፍ ፈልጋችሁ «ምንም የለብኝም» ብላችሁ እንዳትተኙ። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፊደላት ብቻ እየጻፉ መሞከር ይሻላል። የተገላቢጦሹም አለ። እኔ ራሴ ቤቴን ሪፋይናንስ ሳደርግ፣ ማለትም የቤቴን ብድር በአዲስ ብድር ስተካ፣ በስሜ የዕዳ ፍርድ ተገኘብኝ። ስሙ የእኔው ነው፣ የአባቴም ስም ነው፣ ሰውየው ግን ሌላ ነው! እኔ አይደለሁም ብዬ በቃለ መሐላ ፈርሜ ነው የተላቀቅኩት። ይሄው ነው እንግዲህ፣ በአባት ስም ለምንጠራ ሰዎች።

ሎን ከፍላችሁ የጨረሳችሁ፣ እልል ብለናል። ግን መያዣው መነሳቱ መዝገብ ላይ መግባቱን አረጋግጡ። አበዳሪው ሳያስመዘግብ ቀርቶ ቤት ሊሸጥ ሲል የድሮው መያዣ የሚወጣበት አጋጣሚ አለ።

አንድ ደብዳቤም አለ። ቤት በገዛችሁ በሳምንታት ውስጥ ይመጣል፤ የመንግሥት ይመስላል። «የዲድዎን ቅጂ ለማግኘት ይህን ያህል ይክፈሉ» ይላል፣ ወደ መቶ ዶላር ይጠጋል። የግል ድርጅት ነው። ክለርኩ ቢሮ ማህተም ያለበት ቅጂ በጥቂት ዶላር ይሰጣል። እናቴን እንኳ ሊያስከፍሏት ነበር፣ ቼኩን ጽፋ ነው የደረስኩት።

ሰዓት ያዡ እየጠቆመኝ ነው። ላፕቶፔን ይዤ መጥቻለሁ። ቡናው ሲቀርብ ከኋላ ባለው ጠረጴዛ እቀመጣለሁ። የቤት ቁጥራችሁን ይዛችሁ ኑ፤ መነጽር የምትፈልጉ መነጽራችሁንም፣ የድሮዎቹ ዲዶች ጽሑፋቸው ደቃቅ ነው።